«ቀንስ» ይለኝ ወደነበረው ሰው አገር

ወላይታ የሄድኩት አገር ለማየት አይደለም። የሄድኩት አንድ ሰው ለማየት ነው፤ ለዓመታት ድምፁን ሰምቼ መልኩን አንድም ቀን ያላየሁትን ሰው። ከተመለስኩ በኋላ የሥራ ባልደረቦቼ «እንዴት ነው አገሩ?» ሲሉኝ ዳሞታ ተራራን፣ ሥጋውን፣ ዳጣውን እነግራቸዋለሁ። የቀረው ሻይ እየጠጡ የሚወራ ስላልሆነ እዚህ ጻፍኩት።

አስቀድሜ ሥራዬን ልናገር። የነፋስ ተርባይኖች መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ተረኛ ነኝ። እኛ ጋ ነፋስ ጠፍቶ አያውቅም፤ የተሰጣ ልብስ ጎረቤት ግቢ ያደርሳል፣ በደንብ ያልተመታ ቆርቆሮ ይገነጥላል። ተርባይኖቹ ቀንም ሌሊትም መዞር ይችላሉ። ችግሩ ሰው ሲተኛ፣ ፋብሪካ ሲዘጋ፣ ግድቦችም ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሲሞሉ ነው። ኤሌክትሪክ እንደ ጤፍ ጎተራ አይገባም፤ የሚመረተውና የሚበላው በየቅጽበቱ እኩል ካልሆነ መስመሩ ይናጋና አገር ምድሩ ሊጨልም ይችላል። ስለዚህ አዲስ አበባ ካለው መቆጣጠሪያ ማዕከል ስልክ ይመጣል። «ቀንስ» ይለኛል፤ ምን ያህል እንደምቀንስም ይነግረኛል። እኔም ያለኝን ቃል በቃል ደግሜ እመልስለታለሁ፤ ስህተት እንዳይፈጠር የሥራችን ደንብ ነው። ከዚያ የተርባይኖቹን ክንፍ ከነፋሱ አዞራለሁ። ነፋሱ ይመጣል፣ ምንም ሳይሠራ ያልፋል። ይህን ሳደርግ ሁልጊዜ እናደዳለሁ።

ደዋዩ አብዛኛውን ጊዜ ጋሽ ማቴዎስ ነበር። ትእዛዙን ሰጥቶ፣ እኔም ደግሜለት ስናበቃ፣ ስልኩን ወዲያው አይዘጋም። «እናንተ ጋ ብርድ ነው?» ይለኛል። ስለ ትውልድ አገሩ ስለ ቦምቤ፣ ስለ ጎደሬው፣ ስለ ዝንጅብሉ፣ ስለ ጭቃው ያወራልኛል። ባለቤቴ ስታርፍ፣ ልጆቼም ትዳር ይዘው በየፊናቸው ሲሄዱ፣ ከሥራ ጉዳይ ውጪ የሚያናግረኝ ሰው እሱ ብቻ ቀረ ብል ማጋነን አይሆንም። ሰውዬው ጡረታ ወጥቶ አገሩ ገባ። በምትኩ የመጣው ልጅ ጥሩ ሠራተኛ ነው፤ «ቀንስ» ይላል፣ እደግምለታለሁ፣ ይዘጋል።

በዘንድሮው በዓለ ሃምሳ ጋሽ ማቴዎስ ደወለ። «ግርማ፣ ፈቃድ ውሰድና ና። ቃል ገብተህልኝ የለ?» አለኝ። ደግሞም «የምትረዳኝ ጉዳይም አለ፤ በስልክ አይሆንም» ሲል ጨመረ። በማግስቱ የፈቃድ ማመልከቻ አስገባሁ።

ሐሙስ

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ለስጦታ ትንሽ ጆንያ የጤፍ ዱቄት ይዣለሁ፤ ቆጮ አገር ጤፍ መውሰድ ጥሩ ሐሳብ መስሎኝ። ከሞጆ መገንጠያ እስከ ሻሸመኔ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ሌላው ተሳፋሪ ሐይቁን ሲያይ እኔ ምሰሶ አያለሁ። የሥራ ጠባይ ነው፤ ሽቦ ሳይ የት ተነስቶ የት እንደሚገባ ካላወቅኩ አልረጋጋም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች በመንገድ ላይ ሁሌ ትቀልድብኝ ነበር። አጠገቤ የሚቀልድብኝ ስላልነበረ ዝም ብዬ ምሰሶዬን አየሁ።

ሻሸመኔ መኪና ስቀይር ዕቃ አውራጁ ጆንያዬን ከላይ ወረወረው። ተተረተረ። ዱቄቱ ከእኔ አልፎ አጠገቤ የቆመችውን ሴት ቀሚስ ነጭ አደረገው። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ስሳቀቅ ከት ብላ ሳቀች። ቦዲቲ የምትነግድ ሴት ናት። ከቦርሳዋ ወስፌና ሲባጎ አውጥታ እዚያው መናኸሪያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጆንያውን ሰፋችልኝ። «ለማን ነው የምትወስድ?» አለችኝ።

«ለጓደኛዬ።»

«ወላይታ ነው?»

«አዎ። አይቼው አላውቅም።»

ወስፌዋን አቁማ ቀና ብላ አየችኝ። «አይተኸው ሳታውቅ ጤፍ!» አለችና ስፌቷን ቀጠለች። እኛ ጋ ቢሆን ቀሚስ ያበላሸ ሰው መጀመሪያ ስድቡን ይጠጣ ነበር።

ሀላባ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ፤ እስኪቀየር ድረስ ጥላ ፈልገን ተቀመጥን። ከዚያ ወዲያ አገሩ ተለወጠ። የእኛ ሜዳ በዚህ ወር ቢጫና አቧራ ነው። እዚህ ግን መሬቱ ቀይ፣ ቀሪው ሁሉ አረንጓዴ ሆነ፤ በየቤቱ ዙሪያ እንሰት ቆሟል። ሶዶ የገባሁት ሊመሽ ሲል ነበር። ሻሸመኔ ላይ በጤፉ ግርግር ምሳ ስላልበላሁ ራቴን የምበላበት ቦታ ፈለግኩ፤ ቁርጥ በዳጣ፣ በዚያ በቃሪያ ማባያቸው፣ በላሁ፤ ዳጣው ዓይኔን አስለቀሰኝ። ባለሥጋ ቤቱ «ለእንግዳ ትንሽ ነው የሚደረገው» ብሎ ሦስተኛ ማንኪያ ጨመረልኝ።

አልጋ የያዝኩበት ቤት መብራት አልነበረም። እንግዳ ተቀባይዋ «ጋሼ፣ መብራቷ ስትሄድ ስትመጣ ነው የዋለችው፤ ሻማ ልስጥዎት?» አለችኝ። ሥራዬን ብነግራት ታምነኝ ይሆን ብዬ ሳቅኩ። አብሮኝ የሚስቅ ግን አልነበረም።

ዓርብ

ከሶዶ አረካ፣ ከአረካ ቦምቤ በሚኒባስ ነው። በመኪናው ውስጥ ወሬው ሁሉ በወላይትኛ ነው፤ ይሳሳቃሉ፣ ይከራከራሉ። እኔ ከመካከላቸው ተጣብቤ አንድ ቃል አልያዝኩም። አንድ ሽማግሌ አስተዋሉኝና «ስለ ዝንጅብል ዋጋ ነው» ብለው በአማርኛ ነገሩኝ። ከዚያ በየጊዜው እየዞሩ «አሁን ስለ ሹፌሩ ነው»፣ «አሁን ስለ ሙሽራ ነው» ይሉኛል። እስክወርድ ድረስ ይህን ሥራዬ ብለው ያዙት።

ቦምቤ ወርጄ ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ጥሪው ከስልኬም፣ ከኋላዬም ተሰማኝ። ዞር ስል ጀርባዬን ሰጥቼው የቆምኩት ሰውዬ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ «ግርማ፣ ደረስክ?» ይላል። አጭር ነው። ዓመታት ሙሉ በልቤ ረዥም፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ሰው አድርጌ ነበር የሣልኩት። ይህኛው ደልደል ያለ፣ የገበሬ ባርኔጣ ያደረገ፣ ቦት ጫማው ጉልበቱ ድረስ ጭቃ የሆነ ሰው ነው። ድምፁ ግን እሱው ነው። ተቃቅፈን ቆምን። መጨረሻ ላይ «እናንተ ጋ ብርድ ነው?» አለኝና ሳቅን።

ወደ ቤቱ በእግር ነው። ዝናብ ጥሎ ስለነበር የከተማ ጫማዬ ግማሽ መንገድ ላይ ሶሉ ጭቃው ውስጥ ቀረ። የቀረውን በአንድ እግሬ እያነከስኩ ተጓዝኩ። በመንገድ ላይ የሚያገኙን ሰዎች «ሳሮ» ይሉኛል፤ ደህና ነህ ወይ ማለት ነው። እጄን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ። ለጋሽ ማቴዎስ ግን ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ያልፋሉ። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። ሦስተኛው ሰው ላይ ልብ አልኩ።

ባለቤቱ ወይዘሮ አስቴር በር ላይ ጠብቃ ተቀበለችኝ። ጫማዬን አይታ የባሏን ትርፍ ቦት አመጣችልኝ፤ እግሬ ውስጡ ይዋኛል። ጎደሬ ተቀቅሎ፣ ቆጮ፣ ዓይብ፣ ዳጣ ቀረበ። «ብላ እንጂ፣ እንግዳ አይደለሽም አሁን» ትለኛለች፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፣ በእሷ አፍ ግን ደስ ይላል። ጤፉን ስሰጣት ጆንያውን አገላብጣ ስፌቱን አደነቀች።

ቤታቸው ጣሪያ ላይ አንዲት ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ አለች፤ አንድ አምፖልና ስልክ ትችላለች። ለካ ያ ሁሉ ዘመን የአገሩን መብራት በስልክ ከፍና ዝቅ ሲያደርግ የኖረው ሰው ቤት የሚበራው በዚህች ነው። እኛ ጋ እንግዳ ሲመጣ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ሳይጠሩት ይመጣል። እዚያ ቤት እስክንተኛ ድረስ ማንም አልመጣም። ወይዘሮ አስቴር ግን ሰው የሚመጣ ይመስል ሁለት በርጩማ ደርድራ አስቀምጣ ነበር።

ቅዳሜ

ጠዋት እርሻውን አሳየኝ። የጎረቤቶቹ ጎደሬ ተኮትኩቶ ረድፉ ተለይቶ ይታያል። የሱ ማሳ በአረም ተውጧል፤ ቅጠሉን ከአረሙ ለመለየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ዳር ዳሩን ብቻ የሠራው ይታያል።

«ብቻህን ነው እንዴ የምትሠራው?»

«እዚህ ብቻውን የሚሠራ የለም» አለ። «በደቦ ነው። ዛሬ የአንዱ፣ ነገ የሌላው። የኔ ተራ ሲደርስ ዘለሉኝ።»

ከማሳው በላይ በሸለቆው አቋርጦ ትልቅ የከፍተኛ ኃይል መስመር ያልፋል። የብረት ምሰሶዎቹ ከቤት በላይ ይረዝማሉ፤ ሽቦዎቹ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻሉ። አንዲት ቀጭን ሽቦ እንኳ ግን ወደ መንደሩ አትወርድም። ከሥሩ ሳልፍ አንድ የድንጋይ ቤት አየሁ፤ ሰፊ በር፣ የሲሚንቶ ወለል፣ ውስጡ ፍየሎች ታስረዋል። «ይሄ ለፍየል እንዴት አማረ!» ስለው «የወፍጮ ቤት ሊሆን ነበር» ብሎ እርምጃውን አፈጠነ።

ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ነገሩን አጫወተኝ። ጡረታ ወጥቶ እንደገባ በጸሎት ቤታቸው ምስክርነት ስጥ ተባለ። እነሱ ጋ ሰው እግዚአብሔር ያደረገለትን ቆሞ ለጉባኤው ይናገራል። እሱም በደህና ሠርቶ ለመግባቱ ምስጋና አቀረበ። ከዚያ ጨዋታ አምሮት ሥራው ምን እንደነበር ነገራቸው፤ ኤሌክትሪክ ሲተርፍ ስልክ አንስቶ ነፋስ ሥራ እንዳይሠራ ያደርግ እንደነበር ተናገረ። «ሰው ይስቃል ብዬ ነበር» አለኝ። «አንድም ሰው አልሳቀም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታው ቀዘቀዘ፤ የእርሻውም ተራ ተዘለለ። ዝናቡ ሳያልፍ ካልተኮተኮተ ደግሞ የዓመቱ ጎደሬ የለም፤ የሚበሉት እሱን ነው። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፣ እሱም ወገቡ አይችልም።

«አልገባቸውም» አለኝ። «ሥልጣን ኖሮኝ የከለከልኳቸው መስሏቸዋል። ነገ ከአምልኮ ፕሮግራም በኋላ ሽማግሌዎቹ ሊሰሙኝ ፈቅደዋል። አንተ አስረዳልኝ። ትእዛዙን ተቀባይ አንተ ነበርክ። እኔ ብናገር ለራሱ ነው ይሉኛል።»

ለዚህ ነበር የተጠራሁት። ትንሽ ከፋኝ፤ ልዋሽ አልፈልግም። ጉዳይ አለ ቢለኝም፣ ይበልጡን ጨዋታችን ናፍቆት የጠራኝ መስሎኝ ነበር። ቢሆንም እሺ አልኩት። ከሰዓቱን ሙሉ በልቤ ንግግሬን ስደረድር ዋልኩ።

እሑድ

ጸሎት ቤቱ በር ላይ ስደርስ ጎንበስ ብዬ ቦቱን ማውለቅ ጀመርኩ። የለመድኩት እንዲያ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በጫማ አይገባም። ወይዘሮ አስቴር ክንዴን ያዝ አድርጋ «እዚህ አይወልቅም» አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ልጃገረዶች አፋቸውን ያዙ። የእኛ ቅዳሴ ቆሞ ነው፤ የእነሱ ፕሮግራም ተቀምጦ ነው። ዝማሬው ግን ከመቀመጫ ያነሳል። ቃሉን ሳላውቅ እጄ አብሮ ሲያጨበጭብ አገኘሁት።

ሲያልቅ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። የደቦው መሪ አቶ ባሳ የሚባሉ፣ ከጋሽ ማቴዎስ ጋር አብረው ያደጉ ሰው ናቸው። እሳቸው ነገሩን ከፈቱ። ወይዘሮ አስቴር አስተርጓሚ ሆነች። ተነስቼ የተዘጋጀሁበትን አወረድኩት። ኤሌክትሪክ እንደማይጠራቀም ነገርኳቸው። ማቴዎስ የራሱ ሥልጣን እንዳልነበረው፣ ያንን ባያደርግ አገር ሊጨልም ይችል እንደነበር ተናገርኩ። የተረፈው ኃይልም ቢሆን ምሰሶና ትራንስፎርመር ሳይኖር በሸለቆው ካለፈው ትልቅ መስመር ወርዶ ቤታቸው ሊገባ እንደማይችል አስረዳሁ። ጥሩ የተናገርኩ መሰለኝ። ሁሉም በትሕትና ሰሙኝ። ፊታቸው ላይ ግን ምንም አልተለወጠም።

ከሴቶቹ መካከል አንዲት ነጠላ ያጣፉ ሴት ተነሱ። የዳዊት እናት ይሏቸዋል። እኔን እያዩ በወላይትኛ ረዘም አድርገው ተናገሩ። ጨርሰው ቆሙ። ወይዘሮ አስቴር ግን አልተረጎመችም። መሬት መሬት ታያለች። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። እኔም እጠብቃለሁ።

«እኔ ልንገረው» አለ ጋሽ ማቴዎስ። ተነስቶ፣ ያንኑ በስልክ የማውቀውን የሥራ ድምፅ ይዞ፣ ቃል በቃል ተረጎመልኝ። «እንዲህ ትላለች። በየጊፋታው ማቴዎስ ለዘመን መለወጫ ሲመጣ ባሌ ይጠይቀው ነበር። መብራት መቼ ይደርሰናል ይለዋል። እሱም በአገሩ ኃይል የለም፣ እጥረት ነው፣ ሲጨምር ይመጣል ይለዋል። ባሌ አመነው። የወፍጮ ቤት ሠራ። በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ግዛ ሲሉት፣ የለም፣ ማቴዎስ ነግሮኛል፣ መብራቱ ሲመጣ ነው አለ። እየጠበቀ ሞተ። እኔ እስካሁን እህል ተሸክሜ ቦምቤ እሄዳለሁ። አሁን አንተን እጠይቅሃለሁ፤ ሩቅ የመጣህ ሰው ነህ፣ አትዋሸኝም። በዚያ በጊፋታ ሰሞን፣ እጥረት ነው ሲለን፣ አንተን ነፋስህን አቁም ይልህ ነበር?»

ጊፋታ መስከረም ላይ ነው። መስከረም ክረምቱ ወጥቶ ግድብ የሚሞላበት ወር ነው። ከዓመት ዓመት «ቀንስ» የሚበዛብኝ በዚያ ወር ነው። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ደግሞ ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። ዓይኑን ፈለግኩ። ቀጥ ብሎ አየኝ። አትንገር አላለኝም፣ ንገርም አላለኝም።

ሥራዬ ውስጥ የማያሻማ ነገር ቢኖር የተባልኩትን እንደተባለ መመለስ ነው። «አዎ» አልኩ። «በመስከረም ከሌላው ወር ሁሉ ይበልጣል።»

ማንም ሳይተረጉም ገባቸው።

ላድነው የመጣሁትን ሰው በገዛ አፌ ቀበርኩት ብዬ አሰብኩ። እሱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ዳዊት እናት ዞረና በወላይትኛ መናገር ጀመረ። በመሥሪያ ቤት አማርኛው የማላውቀው ድምፅ ነው፤ ዝቅ ይላል፣ ይቆራረጣል። ወይዘሮ አስቴር አጠገቤ መጥታ በጆሮዬ ነገረችኝ።

«ማታ ማታ እጥረትም ነበር፣ እሱን አልዋሸሁም ይላል። ግን ለእናንተ ያልደረሰው በእጥረት አልነበረም። ኃይል አለ፣ ለእናንተ ግን ምሰሶ የሚተክል የለም ማለት አቃተኝ። ያን ያህል ዘመን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አንዲት ምሰሶ ወደዚህ ማምጣት አልቻልኩም ማለት አሳፈረኝ። እጥረት ነው ስል ግን ሁላችሁም ታዝኑልኝ ነበር። ለባልሽም እንዲሁ አልኩት። ወፍጮ ቤቱን ሲሠራ እያየሁ ዝም አልኩ ይላል።» «ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም» አለች፤ ይህን የተናገረችው ራሷ ናት።

የዳዊት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው አንድ ነገር ተናገሩና ወደ ቤታቸው መንገድ ገቡ። አቶ ባሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው መበተን ጀመረ።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ነገ በደቦው መጀመሪያ የኔን እርሻ ትሠራለህ አሉት» አለች ወይዘሮ አስቴር፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ሰኞ

ጋሽ ማቴዎስ ሳይነጋ ዶማውን ሲሞርድ ሰማሁት። እኔም አብሬ እሄዳለሁ አልኩ። የሴትዮዋ ማሳ ላይ ስንደርስ ሰዎቹ በረድፍ ቆመዋል። እሱ ልማዱ ያልሆነ ይመስል ዳር ላይ ቆመ። የዳዊት እናት በጣታቸው የረድፉን መሀል አሳዩት። ገባ። ከግራና ከቀኙ ያሉት ሰዎች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡት።

ለእኔም ዶማ ሰጡኝ። እኛ ጋ በሬ ነው የሚያርሰው፤ በእጅ መኮትኮት አላውቅም። የመጀመሪያውን ጎደሬ ከነሥሩ ነቀልኩት። ሳቁ ሸለቆውን አናወጠው። አንዲት ሴት መጥታ እጄን ይዛ አሳየችኝ፤ ትንሽ ቆይቼ ሌላ ጎደሬ ነቀልኩ፤ ያን ጊዜ ዶማውን በትሕትና ተቀብለውኝ ውኃ አቅራቢ አደረጉኝ። መዳፌ ላይ ውኃ የቋጠረው ቁስል ይህን እስክጽፍ ድረስ አልጠፋም።

ፀሐይ ከፍ ሲል አቶ ባሳ ዜማ አወጡ፣ ሌላው ተቀበለ። ትንሽ ቆይቶ አውጪው ጋሽ ማቴዎስ ሆነ። እሱ ይጠራል፣ እነሱ በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ፣ ዶማው በአንድነት ይወርዳል። በስልክ አንድ ቀን ዘፍኖልኝ አያውቅም። እንደዚያ ያለ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ሰዎቹ የሚመልሱለትን እያየሁ የውኃውን ጀሪካን ታቅፌ ቆምኩ። ቃሉ አይገባኝም። የሚተረጉምልኝም አልነበረም፤ ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ወደ እሱ ማሳ ተሻገሩ። ሲመሽ ረድፉ ተለይቶ ታየ። ወይዘሮ አስቴር ያመጣሁትን ጤፍ እንጀራ ጋግራ ከቆጮው ጋር ለሁሉም አቀረበችው። ሽማግሌዎቹ እንጀራውን ቀምሰው በትሕትና ወደ ቆጮው ተመለሱ። ቤቱ ሞልቶ ስለነበር ሁለቱ በርጩማዎች አልበቁም፤ ሰው መሬት ላይ ተቀመጠ። ወሬው በወላይትኛ ነበር። ጋሽ ማቴዎስ አንዳንዴ ወደ እኔ ዞሮ ሊተረጉምልኝ አፉን ይከፍታል፣ ከዚያ ሌላው ይጠራዋል፣ ይረሳዋል። አልተቀየምኩትም። ስንት ቀን ያላወራውን ነው የሚያወራው።

ማክሰኞ

የመጣሁ ዕለት ማታ ከጎረቤት ማንም አልመጣም ነበር፤ ስሄድ ግን መንደሩ ሸኘኝ። አንዱ ዝንጅብል፣ አንዱ ሙዝ፣ የዳዊት እናት በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ሰጡኝ። ጫማዬን ወይዘሮ አስቴር ሶሉን አስለጥፋልኝ ነበር። እስከ ቦምቤ ድረስ በጭቃው ስንወርድ ጋሽ ማቴዎስ መሀላቸው ነው፤ ከአቶ ባሳ ጋር በነገው ተራ ይከራከራል፣ ይስቃል፣ ክንዳቸውን ይመታል። እኔ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ነኝ። ስንለያይ የምነግረው ነገር ነበረኝ። ብዙም አይደለም፤ አዲሱ ልጅ ስልኩን ቶሎ ይዘጋል፣ አንተ ግን አንዳንዴ ደውልልኝ ልለው ነው።

ሚኒባሱ አንድ ሰው ብቻ ጎድሎት ቆሞ ነበር። ረዳቱ ቦርሳዬን ቀምቶ አስገባ፣ እኔንም ገፋ አድርጎ አስገባኝ፣ በሩን ዘጋ። ሹፌሩ ወዲያው ነዳ። በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ «ጋሽ ማቴዎስ!» ብዬ ተጣራሁ። ጀርባውን ሰጥቶኛል። ከአቶ ባሳ ጋር ጨዋታው ደርቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ እያራገበ ነው። እጃቸውን ያነሱልኝ የዳዊት እናት ናቸው፤ መኪናው እስኪታጠፍ አላወረዱትም።

ደስ ብሎኝ ነበር፤ በእውነት ደስ ብሎኝ ነበር። ሰውየው አገሩ ገብቷል። ግን አረካ ሳንደርስ እንባዬ መጣና መመለስ አቃተኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ አየኝ። በማላውቀው ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ መልስ ሲያጣ በላዬ ላይ ተንጠራርቶ መስኮቱን ዘጋልኝ፤ ነፋሱ ዓይኔን የጎዳኝ መስሎት።